ጃፓን የላከችው ዘፈን ሳይሆን እርሾ ነበር

እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ፣ ቶኪዮ ውስጥ አኪሃባራ በተባለው የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ሰፈር 250 ሰው የሚይዝ ትንሽ ቲያትር ተከፈተ። የግጥም ደራሲው ያሱሺ አኪሞቶ ያቋቋመው ኤኬቢ48 የተባለው የሴቶች ቡድን መለያው አንድ ነበር፦ "በአካል የምታገኟቸው አይዶሎች"። አድናቂው በቅርብ ያያቸው፣ ሲዲ ገዝቶ እጃቸውን ይጨብጥ ነበር።

በአካል የሚገኝ ዘፋኝ ታዲያ እንዴት ወደ ውጭ ይላካል? መልሱ ዘፋኞቹን ትቶ አሠራሩን መላክ ሆነ። በ2011 የመጀመሪያው የባሕር ማዶ እህት ቡድን ጄኬቲ48 በጃካርታ ተመሠረተ። ዜማው የጃፓን፣ ግጥሙ ወደ ኢንዶኔዥያ ቋንቋ የተመለሰ፣ ልጆቹ የአገሬው ልጆች። በዓመቱ የራሱን ቲያትር ከፈተ። ከቶኪዮ የተዛወረችው ሃሩካ ናካጋዋም ቋንቋውን ተምራ በኢንዶኔዥያ ቴሌቪዥን ዝነኛ ሆነች።

ሻንጋይ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ2012 የተቋቋመው ኤስኤንኤች48 ውሎ አድሮ የራሱን ዘፈኖች መሥራት ጀመረ። በ2016 ደግሞ ቤጂንግና ጓንጁ ላይ የራሱን እህት ቡድኖች ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ የጃፓኑ ወገን ውል ተጥሷል ብሎ ከእህትማማቾቹ ዝርዝር ሰረዘው። ቡድኑ ግን አልፈረሰም፤ ብቻውን ቀጠለ። ይልቁንም ቶኪዮ በ2018 እዚያው ሻንጋይ ሌላ ቡድን እንደ አዲስ ለመጀመር ተገደደች።

ዘፈን የቅጂ መብት ይጠብቀዋል። አሠራር ግን እንደ እርሾ ነው፦ ጎረቤት አንዴ ከወሰደው ሊጡን የሚያቦካው በራሱ ቤት፣ በራሱ ዱቄት ነው። እርሾ የሰጠ ሰው ምስጋና ይጠብቅ ይሆናል፤ እንጀራውን ግን የኔ ነው ማለት አይችልም።