ታኮ

የእኅቴ ልጅ በቀደም ለት ዘንገና ሐይቅ ዳር ይዞኝ ሄደ። ሊያዝናናኝ መስሎኝ ስከተለው ለካ ጉዳይ ኖሮታል።

«ጋሼ፣ የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው። ሁለት ማሠልጠኛ አይቻለሁ፤ አንዱ ርካሽ፣ አንዱ ውድ። የትኛው ይሻለኛል?»

ዘንገናን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከኮሶበር (እንጅባራ) ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ 166 ሜትር ይባላል። ጸጥታው የገዳም ነው፤ የሚሰብረው ከአስፋልቱ የሚመጣ የመኪና ጩኸት ብቻ። ልጁ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ያንን ጩኸት ያዳምጣል። «ይቺ ሲኖትራክ ናት፤ ጭነት አላት» ይለኛል ሳያይ። የዚህ አገር ሰው የሚታወቀው በፈረሱ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓላቸውን የሚያከብሩት የአገው ፈረሰኞች ማኅበራቸውን ያቋቋሙት በ1932 ዓ.ም. ነው። ለግልቢያ ደግሞ ማሠልጠኛ የለም፤ ልጅ ከአባቱ ሥር ሆኖ ይማራል። የመኪናውም ነገር ለረጅም ጊዜ እንደዚሁ ነበር።

ለመሆኑ የእኛን ሾፌር ማን አስተማረው? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል ሲመጣላቸው አምጪውም ነጂውም ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ያቺ ግን የቤተ መንግሥት ጉድ ናት። የጭነት መኪና በብዛት የገባው ከጠላት ጋር ነው። በ1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ያሰለፋቸው መኪኖች ከ1,600 እንደማያንሱ ይጻፋል። ጠላት በ1933 ሲባረር መኪናውም መካኒኩም በከፊል እዚሁ ቀረ። ጋራዥ የከፈተው ጣሊያን ቁልፍ የሚያቀብለው ልጅ ይፈልጋል፤ ልጁ ሲያቀብል ይውልና አንድ ቀን ራሱ ይፈታል፣ ሌላ ቀን ይነዳል። ትምህርት ቤቱ ይኸው ነው። ማስረጃ የፈለገ አፋችንን ይስማ፦ ጎማ፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቺንጊያ፣ ማርሚታ፣ ስኮርታ፣ ኮፈኖ፤ ታርጋና ቦሎ ሳይቀሩ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። «ሾፌር» ብቻ ፈረንሳይኛ ሆኖ መሪው ላይ ተቀምጧል። ፊያት 634ን «ትሬንታ ኳትሮ»፣ 682ን «ኤን ትሬ» ያልነውም ቁጥሩን ከጣሊያን አፍ ስለሰማነው ነው።

ታኮም ጣሊያንኛ ነው፤ የጫማ ተረከዝ ማለት። እኛ ከጫማው አልፈን ጎማ ሥር ለሚወተፈው ግንድም ሰጠነው። እኔ ታኮን ያወቅኩት ግን ከመዝገበ ቃላት አይደለም።

በ1974 ዓ.ም. ማትሪክ ወድቄ ኮሶበር ላይ ስንከራተት አንድ ኤን ትሬ ላይ ረዳት ሆንኩ። ደመወዝ የለም፤ ምግብና «ሙያ» ብቻ። ጎማ መፈተሽ፣ ሸራ ማሰር፣ ውኃ መጨመር፣ ማታ ጭነቱ ላይ መተኛት። ዳገት ላይ ግን ሥራው ታኮ ነው። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ኤን ትሬው ከእግረኛ እኩል ያዘግማል። ረዳቱ ታኮውን ታቅፎ ከኋላ ይከተላል፤ ሞተሩ ሲደክም ከጎማው ሥር ይወረውራል። ሾፌሩ ሽማግሌ ነበሩ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ «በምትወጣበት ማርሽ ነው የምትወርደው። ፍሬን የመጨረሻ ጸሎት ነው፤ ቶሎ አትጀምረው» ይሉኛል።

ይህን ስነግረው የልጁ ዓይን በራ። «በቃ፣ መማር እንደዚህ ነው!» አለ።

እንዴ! ወሬውን መጨረስ ነበረብኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ረዳት ታኮ ሲያስገባ እግሩ ጎማ ሥር ቀርቷል። ባለመኪናው የከፈለው ሳንቲም የለም፤ በሳምንቱ ቦታውን ለእኔ ሰጠ። ይህን የሰማሁት ሥራ ከጀመርኩ ከሦስት ወር በኋላ ነው። በስምንተኛው ወር ጥዬ ስወርድ መሪ የጨበጥኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ያውም ሜዳ ላይ።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 600፣ ኋላም በ2010 የተተካው 1074፣ ሥልጠናውን ከባለመኪናው እጅ አውጥተው ለማሠልጠኛ ተቋማት ሰጡ። «ሦስተኛ»፣ «አምስተኛ» ይባል የነበረው መንጃ ፈቃድም ሕዝብ፣ ደረቅ፣ ፈሳሽ ተባለ። ደግ ነው፤ ቢያንስ እግሩን ሳይገብር የሚማር አለ። ያም ሆኖ ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎታል። ሕዝብ ደግሞ ስም በከንቱ አያወጣም።

ልጁን ይዤ ሁለቱንም ማሠልጠኛዎች አየሁ። ርካሹ ዘንድ ተማሪዎች ጥላ ሥር ተኮልኩለው አንዲት መኪና በተራ ይጠብቃሉ። አንድ ሰው ስንት ሰዓት መሪ ይይዛል ብዬ ብጠይቅ የነገሩኝ ዋጋውን ነው። ውዱ ተሳቢ አለው፤ ዳገት ላይ አቁሞ ያስነሳል። ግን ጭኖ አያውቅም። ባዶ መኪናና የጫነ መኪና ደግሞ ሁለት የተለያዩ አውሬዎች ናቸው። ተማሪው ይህን የሚያውቀው ወረቀቱን ከያዘ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ባለመኪናው «ልምድህ ስንት ዓመት ነው? ዋስስ አለህ?» ይለዋል። ስለዚህ መንጃ ፈቃዱን በኪሱ ይዞ ተመልሶ ረዳት ይሆናል።

አንድ ሰሞን ለአካባቢው ልጆች ቀንቷቸው ነበር። የሕዳሴው ግድብ በ2003 ሲጀመር ወደ ጉባ የሚሄደው ጭነት ኮሶበር ላይ ታጥፎ በቻግኒ በኩል ያልፍ ነበርና። ግድቡ ጳጉሜን 2017 ተመረቀ። ትልቁ ሥራ የጅቡቲ መስመር ነው፤ በ1990 ጦርነቱ ተነሥቶ አሰብ ከተዘጋብን ወዲህ የአገሪቱ ዕቃ በአብዛኛው የሚመጣው በዚያ ነው። ከዘንገና ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ይህንኑ መንገድ ማለፍ ያስፈልጋል። በ2015 ማብቂያ ክልሉ ውስጥ ውጊያው ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሾፌርና ረዳት ታግተው ገንዘብ ሲጠየቅባቸው ሰምተናል።

ውዱን ምረጥ አልኩት። ከዚያ ከአንድ ነባር ሾፌር ጋር ሦስት ወር ተሳፈር፤ ግን ደመወዝህና ኢንሹራንስህ በወረቀት ይሁን አልኩት። ማታ እኅቴ ቡና እያፈላች ሰማችን።

«የማሠልጠኛውን በሬ ሸጬ እከፍላለሁ» አለች፤ «የአጋቹን በምን ልክፈል?»

መልስ አልነበረኝም። ልጁ ባለፈው ሰኞ ተመዝግቧል።