ላቭ (ቅርጻ ቅርጽ)

ላቭ (ትርጉሙ «ፍቅር») አሜሪካዊው ሠዓሊና ቀራፂ ሮበርት ኢንዲያና የሠራው፣ አራት የላቲን ፊደላትን ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት ሰጥቶ ያቆመ ቅርጻ ቅርጽ ነው። ፊደላቱ በሁለት መደዳ ተደርድረዋል፦ ኤልና ኦ ከላይ፣ ቪና ኢ ከታች። ኦ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው።

አመጣጥ

ኢንዲያና በ1928 እ.ኤ.አ. ሮበርት ክላርክ ተብሎ ተወለደ፤ በኋላ የትውልድ ግዛቱን ስም ለራሱ ወሰደ። ንድፉ በሰፊው የታወቀው በ1965 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለገና ካርድ ባሠራው ጊዜ ነው። በካርዱ ላይ ፊደላቱ ቀይ፣ መደቡም ሰማያዊና አረንጓዴ ነበር።

አሠራር

የመጀመሪያው ግዙፍ ላቭ በ1970 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሲሆን የኢንዲያናፖሊስ ሙዚየም ንብረት ነው። ቁመቱ 3.66 ሜትር፣ ውፍረቱ የቁመቱ ግማሽ ያህል ነው። የተሠራበት ኮርተን የተባለው ብረት ላዩ ሲዝግ ዝገቱ ውስጡን ይጠብቃል።

በወረቀት ላይ ፊደል ፊት ብቻ አለው። እዚህ ግን ጎን፣ ጀርባና ጥላ ያገኛል። የላይኞቹ ፊደላት በታችኞቹ ላይ ስለሚያርፉ ቃሉ ራሱን ይሸከማል። ከኋላ ሲታይ ጽሑፉ ይገለበጣል፤ በኦ ቀዳዳም ሰማይ ወይም ሕንፃ ይታያል።

ሌሎች ቅጂዎች

በፊላዴልፊያ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታየው ቅጂ የቆመበት አደባባይ «ላቭ ፓርክ» እየተባለ ይጠራል። በ1977 እ.ኤ.አ. የተሠራው የዕብራይስጡ «አሃቫ» በኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም ይገኛል። የስፓኒሽኛ «አሞር» ቅጂም አለ። ሦስቱም ቃላት በየቋንቋቸው አራት ፊደል ስላላቸው ሁለት በሁለት መደርደር ተችሏል። የአማርኛው «ፍቅር» ግን ሦስት ፊደል በመሆኑ ለዚህ አደራደር አይመችም።

የቅጂ መብት

በዘመኑ የአሜሪካ ሕግ ሥራው ለሕዝብ ሲቀርብ የመብት ምልክት እንዲኖርበት ያስገድድ ነበር። ኢንዲያና ምልክቱን ባለማድረጉ ንድፉን ሌሎች ያለ ፈቃድ በልዩ ልዩ ዕቃዎች ላይ አትመው ሸጡት። በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣው የ8 ሳንቲም የአሜሪካ ቴምብር ላይም ታትሞ ከ300 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሰራጭቷል። ዝናው ሲስፋፋ አንዳንድ ተቺዎች ሠዓሊውን እንደ ነጋዴ ቆጠሩት፤ እርሱ ግን ከአብዛኞቹ ቅጂዎች ገቢ አላገኘም። በ1978 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክን ለቆ በሜይን ግዛት ወደምትገኘው የቪናልሄቨን ደሴት ሄደ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. በዚያው አረፈ።