ስለ ግራዚያኒ ክስ የተጻፈ ዜና

በ1929 ዓመተ ምሕረት፥ በግንቦት 13 ቀን፥ የኢጣሊያ ጭፍሮች የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ረሸኑ። ያዘዘው የሮማ እንደራሴ ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው፤ በየካቲት 12 ቦምብ ከተጣለበት ወዲህ ቍጣው አልበረደለትም ነበርና። የፈጸመው ጄኔራል ማሌቲ ነው። ግራዚያኒም ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት ከነምክትል አበምኔታቸው፥ ሌሎችም 23 ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። ገዳዩ በገዛ እጁ ከጻፈ ወዲያ ከሳሽ ምን ምስክር ይፈልግ! ነገር ግን ምስክር ማግኘት ሌላ፥ ዳኛ ማግኘት ሌላ ሆነ።

በጥቅምት 1936 የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ጉባኤ በለንደን ቆመ። ኢትዮጵያ ግን አልተጠራችም። የእንግሊዝ ሹማምንት ጉባኤው የሚያየው ሂትለር ያስነሣውን ጦርነት ነው፥ የናንተ ከዚያ ይቀድማል አሉ። ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ በወረራው ጊዜ በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበው የኢጣሊያ ጦር አዛዥ ባዶግሊዮ በ1935 መጨረሻ ከነሱ ጋር ታርቆ ወዳጅ ሆኖ ነበርና። ወዳጅን መክሰስ ለማን ይጣፍጣል?

በየካቲት 3 ቀን 1939 በፓሪስ የተፈረመው የዕርቅ ውል ይህን ሰበብ ሻረ። በ38ኛው አንቀጽ ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ ያለባት ኀላፊነት ጦሯ ድንበር ከጣሰበት ከመስከረም 22 ቀን 1928 ጀምሮ እንዲቈጠር ተጻፈ፤ በ45ኛውም ኢጣሊያ የጦር ወንጀለኞችን እንድታስረክብ ታዘዘች። በ1940 ጉባኤው ሊዘጋ ሲቃረብ ኢትዮጵያ የ10 ሰዎች ስም አቀረበች። የስምንቱ ለክስ የሚያበቃ ሆኖ ተገኘ፤ ባዶግሊዮና ግራዚያኒም ከነዚህ ነበሩ። ጉባኤው ግን ስም መዝጋቢ እንጂ ፈራጅ አልነበረም፤ የሚይዝበት ጭፍራ፥ የሚያስርበት ወኅኒ አልነበረውም። በዚያው ዓመት ተበተነ። ኢትዮጵያ ተከሳሾቹን ብትጠይቅ ኢጣሊያ አልሰጠችም፤ እንግሊዝም እጇን ሰበሰበች። የአዲስ አበባ መንግሥት ቴሌግራሞቹንና የምስክሮቹን ቃል በሁለት ቅጽ አሳትሞ አስቀመጠ።

ግራዚያኒ በሮማ የጦር ፍርድ ቤት መቅረቡስ ቀርቧል። በሚያዝያ 24 ቀን 1942 የ19 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በደሉ ግን ከጀርመን ጋር ማበሩ ነው፤ ፍርድ ቤቱ የተቈጣው ለገዛ አገሩ ነበር፤ የመነኮሳቱ ደም በክሱ አልገባም። ያም ክረምት ሳይወጣ ተፈታ፤ በጥር 1947 በሮማ ሞተ። ባዶግሊዮም በ1949 በተወለደበት መንደር ሞተ፤ ስለ ኢትዮጵያ የጠራው ዳኛ የለም።