ጥንቸሏ ምን እየጻፈች ነው?

እስቲ አንድ የሸክላ ጽዋ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ቁመቱ 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ቅርጹ እንደ ቱቦ ቀጥ ያለ ነው። የማያ ሠዓሊ የሣለው ከ1,300 ዓመታት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

በአንድ በኩል ስታዩት፣ ከሙታን ዓለም ጌቶች አንዱ የሆነ ጥርስ አልባ ሽማግሌ በሴቶች ተከቦ ተቀምጧል። አንዷ ሴት መጠጡ አረፋ እንዲያወጣ ከአንዱ ጽዋ ወደ ሌላው ከፍ አድርጋ ትቀዳለች። ከታች ደግሞ ጥንቸል ቁጭ ብላ መጽሐፍ ትጽፋለች! ሰላማዊ እልፍኝ ይመስላል፣ አይደል? አሁን ጽዋውን አዙሩት። ጭምብል ያጠለቁ ሁለት ሰዎች የአንድ እስረኛ አንገት እየቀሉ ነው። ከሴቶቹ አንዷም የጓደኛዋን እግር ነካ አድርጋ "ኧረ እዚያ ተመልከቺ" የምትል ይመስላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሥዕሉ ዕቃውን ይዞራል፤ ዓይናችሁ ግን በአንድ ጊዜ ከግማሹ በላይ አያይም። ታዲያ እንዴት ተደርጎ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ይታተም?

እኔ ምህንድስና ስላጠናሁ መልሱን በጣም እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጀስቲን ከር የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ዕቃውን በሚሽከረከር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ካሜራው በቀጭን ስንጥቅ ብቻ እንዲያይ አደረገ። ዕቃው ሲዞር ከስንጥቁ በስተጀርባ ፊልሙ አብሮ ይጓዛል። የስልካችሁ ፓኖራማ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እዚያ የሚዞረው ካሜራው፣ እዚህ ግን ዕቃው ነው።

ቁልፉ ፍጥነት ነው። ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጽዋ ዙሪያው 47 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ምስሉ በግማሽ እንዲያንስ ከፈለጋችሁ፣ ጽዋው አንዴ ዞሮ እስኪጨርስ ፊልሙ 23.5 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት። ከዚያ ከፈጠነ ሰዎቹ ይወፍራሉ፤ ከዘገየ ይቀጥናሉ። ሆዱ ያበጠ ዕቃ ሲሆን ደግሞ የገጽታው ፍጥነት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ትንሽ መዛባት አይቀርም።

በዚህ መንገድ የተነሡ ብዙ ዕቃዎችን ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር ተቻለ። ማይክል ኮ የተባለው ተመራማሪ ቀደም ብሎ፣ በ1973፣ በብዙ ጽዋዎች ከንፈር ዙሪያ አንድ ዓይነት ጽሑፍ እንደሚደጋገም አስተውሎ ነበር። እሱ የቀብር ጸሎት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ። ፊደሉ ሲፈታ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ፦ "ይህ የእገሌ የካካዎ መጠጫ ነው" የሚል መለያ! ጓቲማላ ውስጥ ሪዮ አዙል ከተባለው ቦታ የወጣ ዕቃም በላዩ "ካካው" የሚል ቃል ነበረበት። ኬሚስቶች ከውስጡ የቀረውን ቅሪት ሲመረምሩ በካካዎ ውስጥ የሚገኘውን ቲዮብሮሚን አገኙ። ፊደሉና ኬሚስትሪው ተስማሙ ማለት ነው።

ሥዕሎቹስ? ኮ ከአንዳንዶቹ ላይ ሁናፑና ሽባላንኬ የተባሉትን መንታ ጀግኖች አወቃቸው። የእነሱን ታሪክ የሚተርከው ፖፖል ቩህ በኪቼ ቋንቋ የተጻፈው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ባለ አንድ ሳህን ላይ ደግሞ የበቆሎ አምላክ ከተሰነጠቀ የኤሊ ድንጋይ ውስጥ ይወጣል፤ መንትዮቹ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ግን ተጠንቀቁ፦ ዕቃዎቹ መጽሐፉን በ800 ዓመት ገደማ ይቀድሙታል። ስለዚህ ሥዕሎቹን የመጽሐፉ ማብራሪያ አድርጎ ማየት ልክ አይደለም።

ከስፔኖች መምጣት በፊት ከተጻፉት የማያ መጻሕፍት የተረፉት 4 ብቻ ናቸው። አንዳቸውም ከእነዚህ ጽዋዎች ዘመን አይደሉም። ጥንቸሏ የምትጽፍበት ዓይነት መጽሐፍ በስብሶ ጠፍቷል። የቀረልን ሸክላው ነው።

እሱም ቢሆን በደኅና እጅ ላይ አልወደቀም። የፕሪንስተኑን ጨምሮ በየሙዚየሙ ያሉ ብዙ ጽዋዎችን ከመሬት ያወጣቸው አርኪኦሎጂስት አይደለም፤ መቃብር ዘራፊዎች ቆፍረው የሸጧቸው ብዙ ናቸው። "ታዲያ ምን ጎደለ? ሥዕሉ አለ አይደል?" ትሉ ይሆናል። በ1988 ቤሊዝ ውስጥ ቡዌናቪስታ በተባለ ቦታ የተገኘውን ጽዋ ተመልከቱ። በላዩ የተጻፈው የናራንሆ ንጉሥ የካክ ቲሊው ቻን ቻክ ስም ነው፤ የተገኘው ግን በሌላ ከተማ፣ በአንድ ወጣት መቃብር ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች ንጉሡ ለወዳጅ ቤተሰብ የላከው ስጦታ ነው ይላሉ። ያንኑ ጽዋ ዘራፊ አውጥቶት ቢሆን ኖሮ "የናራንሆ ንጉሥ ጽዋ" ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ወጣቱም፣ ወዳጅነቱም አይታወቁም።

ሙዚየም ስትገቡ፣ ወይም በስልካችሁ አንድ የሚያምር ጥንታዊ ዕቃ ስታዩ፣ "ምን ይላል?" ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ ደግሞ "የት ተገኘ? ማን አወጣው?" በሉ።