ከምረቃ በኋላ የሚጠና ወንድምነት

የኮሌጅ ወንድማማችነት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው የወጣትነትን ዘመን ነው፤ አንድ ክፍል ያደሩ፣ አንድ ማዕድ የቆረሱ፣ አንድ ፈተና የፈሩ ልጆችን። በዚህ አስተያየት የትስስሩ ምንጭ አብሮ መዋልና ማደር ነው። ምረቃው ሲያልፍ የሚቀረው ትዝታ ነው፤ ትዝታውም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ይሄዳል። የጥቁር አሜሪካውያን የተማሪ ወንድማማቾች ማኅበራት ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በእነዚህ ማኅበራት፣ በተለይም በበኩራቸው በአልፋ ፋይ አልፋ፣ ወንድምነቱን ያጸናው በግቢ ውስጥ ያለፈው ሦስትና አራት ዓመት አይደለም። ያጸናው ከምረቃ በኋላ በየከተማው የተቋቋመው የተመራቂዎች ቅርንጫፍ ነው። እንዲህ የምለው ስሜትን ለማቃለል ሳይሆን፣ ስሜቱን ከመቶ ዓመት በላይ ተሸክሞ ያቆየው ምን እንደሆነ ስለሚያሳስበኝ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በግሪክ ፊደላት የሚጠራ የተማሪዎች ማኅበር በአሜሪካ የተጀመረው በ1776 በቨርጂኒያው ዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ፣ በፋይ ቤታ ካፓ ነው። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት የወንድማማቾች ማኅበር፣ ማለትም ምስጢራዊ ሥርዓትና የዕድሜ ልክ ቃል ኪዳን ያለው፣ በ1825 በኒውዮርክ ግዛት በዩኒየን ኮሌጅ ተወጠነ። ከዚያ በኋላ ፈጥኖ ተስፋፋ፤ በየግቢው ዳር የራሱን ቤት ሠራ፣ የነጭ ልሂቃን መተዋወቂያም ሆነ። ጥቁር ተማሪ ግን አይገባበትም ነበር፤ በብዙዎቹ ማኅበራት ክልከላው በመተዳደሪያ ደንብ ሳይቀር ሰፍሮ ኖሯል። በኢታካ ከተማ በሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በዘመኑ የነበሩት ጥቁር ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ1905 መጸው የትምህርት ዘመኑ ሲከፈት፣ ዓምና የነበሩት ስድስት ጥቁር ተማሪዎች አለመመለሳቸው ታወቀ። የቀሩትና አዲስ የመጡት በጥናትና በውይይት ክበብ ተሰባሰቡ። ክበባቸው የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ሆኖ ይቀጥል ወይስ እንደ ነጮቹ የወንድማማቾች ማኅበር ይሁን በሚለው ላይ ብዙ ተከራክረዋል። ከመካከላቸው በነጮቹ ማኅበራት ቤት እያስተናገዱ የትምህርት ወጪያቸውን የሚሸፍኑ ስለነበሩ ነገሩን ከጓዳ በኩል ያውቁታል። ታኅሣሥ 4 ቀን 1906 ሄንሪ ካሊስ፣ ቻርልስ ቻፕማን፣ ዩጂን ኪንክል ጆንስ፣ ጆርጅ ኬሊ፣ ናታንኤል መሪ፣ ሮበርት ኦግልና ቨርትነር ታንዲ አልፋ ፋይ አልፋን መሠረቱ።

የማኅበሩ ታሪክ ሲተረክ ሁሌም የሚደምቀው ይህ የ1906 ቀን ነው። እኔ ግን ከዚያ የማይተናነስ ቦታ የምሰጠው ለ1911 ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ የመጀመሪያው የተመራቂዎች ቅርንጫፍ ተከፈተ። ማኅበሩ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም፤ ከግቢ የወጡት አባላቱም ጥቂቶች ነበሩ። ይህን ያህል ያስቸኮላቸው ምን ነበር? መልሱ ተመራቂው በሚገባበት ከተማ ውስጥ ነው። ነጩ ምሩቅ ዲግሪውን ይዞ ሲወጣ የሐኪሞች ማኅበር፣ የጠበቆች ማኅበር፣ የንግድ ምክር ቤት፣ የመዝናኛ ክበብ ይጠብቀዋል። ጥቁሩ ምሩቅ ያው ዲግሪ በእጁ ሆኖ ደጁ ሁሉ ዝግ ነው። የደቡብ ግዛቶች የሐኪሞች ማኅበራት ጥቁር ሐኪም አይቀበሉም ነበር፤ በዚህም የተነሳ ጥቁር ሐኪሞች በ1895 የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቁመዋል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ሳያውቅ የተቀበላቸው ሦስት ጥቁር ጠበቆች በ1912 ሲያወዛግቡት፣ ከዚያ ወዲያ አመልካች ሁሉ ዘሩን እንዲገልጽ ደነገገ። ሉዊቪል ራሷም ቅርንጫፉ ከተከፈተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1914፣ ነጮች በሚበዙበት መንደር ጥቁር ሰው ቤት ይዞ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ አወጣች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሻረው በ1917 ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ለብቻው የሚኖር ጥቁር መምህር ወይም ሐኪም ከኮሌጅ ትዝታ የበለጠ ነገር ያስፈልገዋል። ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሥራ ሲያጣ የሚያማልደው፣ ሆቴል ሲከለክለው የሚያሳድረው፣ ሕግ ሲያጠቃው አብሮት የሚቆም ሰው ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ከነጮቹ ማኅበራት የሚለየው አንድ ነጥብ በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም። የነጮቹ ማኅበር ማዕከል ግቢው አጠገብ ያለው ቤት ነው። ተመራቂው ለቤቱ ጥገናና ዕዳ ያዋጣል፣ በዓመት አንድ ጊዜ በእግር ኳሱ ሰሞን ይመለሳል፣ የድሮ ክፍሉን ያሳያል። ወንድምነቱ በቦታ የታሰረ ነው። ጥቁር ተማሪዎች የሚበዙባቸው እንደ ሃዋርድ ያሉ ኮሌጆች ግን በአብዛኛው እንዲህ ያለ ቤት አልነበራቸውም። የሚመለሱበት ጣሪያ ባለመኖሩ ትስስሩ ከግቢው ይልቅ ተመራቂው የሚኖርበትን ከተማ ያዘ። በየወሩ የሚሰበሰብ፣ መዋጮ የሚቀበል፣ ሹማምንቱን የሚመርጥ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጉባኤ ሆነ። እድርተኛን ከእድርተኛ ጋር ያቆየው ፍቅር ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ጥሪው፣ መዋጮውና ግዴታው ነው፣ ፍቅሩም በዚያ ውስጥ ይበረታል። የተመራቂዎች ቅርንጫፍም የቆመው በዚህ መንገድ ነው። ግዴታው በሞት እንኳ አይቋረጥም፤ አልፋ ፋይ አልፋ ኦሜጋ ተብሎ የሚጠራ ቅርንጫፍ የለውም፣ ስሙ ለሞቱት አባላት ተጠብቆ የሚኖር ነው። የሞተ ወንድም ከማኅበሩ አይወጣም፣ ወደ ኦሜጋ ቅርንጫፍ ይዛወራል።

እዚህ ጋ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። የተመራቂዎች ቅርንጫፎች ዲግሪ ያለውን ሰው በቀጥታ ይቀበላሉ። በኮሌጅ ዘመኑ ከማኅበሩ ጋር ያልነበረ፣ ምናልባትም በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ የገባ ሰው እንዴት ወንድም ይባላል? ያልተካፈሉትን ወጣትነት በመሐላ መተካት ይቻላል ወይ? ጥያቄው ጠንካራ የሚሆነው ወንድምነት የሚወለደው ዶርም ውስጥ ነው ብለን ከተነሳን ብቻ ነው። ታሪኩ ይህን አያግዝም። ማርቲን ሉተር ኪንግ በሞርሃውስ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ሲማሩ የማኅበሩ አባል አልነበሩም፤ የገቡት በ1952 በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳሉ ነው። አራት ዓመት ቆይቶ፣ እሳቸው የመሩት የሞንትጎመሪ የአውቶቡስ አድማ ገና ሳያበቃ፣ በነሐሴ 1956 ማኅበሩ 50ኛ ዓመቱን በቡፋሎ ከተማ ሲያከብር የክብር ሽልማት ሰጥቷቸው ንግግር አደረጉ። ከእኚህ ሰው ጋር ማኅበሩን ያስተሳሰረው የጋራ ልጅነት አልነበረም። አንድ ሥራ ነበር።

ሥራውን በዝርዝር ማየት ይበጃል፤ ክርክሩ የሚጸናው እዚህ ላይ ነውና። በ1930ዎቹ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁር አመልካቾችን በቀለማቸው ብቻ ይመልስ ነበር። ዶናልድ መሪ የተባሉ የአምኸርስት ኮሌጅ ምሩቅ ሲመለሱ፣ ክሱን የጀመረው አልፋ ፋይ አልፋ ነው፤ ቤልፎርድ ላውሰን የተባሉትን ጠበቃ አባሉን አቆመ። ጉዳዩ ችሎት ሲደርስ ቻርልስ ሂውስተንና ወጣቱ ተርጉድ ማርሻል ያዙት፤ ማርሻልም የዚሁ ማኅበር አባል ነበሩ። በ1935 ዳኛው መሪ እንዲገቡ አዘዘ፣ በጥር 1936 የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አጸናው። ማርሻል ከ18 ዓመት በኋላ በትምህርት ቤቶች መለያየት ላይ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ላገኙት ድል መንደርደሪያ ከሆኑት ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው። ላውሰንም አላረፉም። ኤልመር ሄንደርሰን የተባሉ የመንግሥት ባልደረባ በ1942 በባቡር ሲጓዙ በመመገቢያው ፉርጎ ቦታ ተከለከሉ። ላውሰን የማኅበሩ ጠቅላላ ፕሬዚዳንት ሆነው፣ በማኅበሩ ድጋፍ፣ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሰው በ1950 አሸነፉ። ስምንት ዓመት የፈጀ ሙግት ነው። የኮሌጅ ልጆች በአራት ዓመት ግቢውን ይለቃሉ፤ ስምንት ዓመት የሚሟገት፣ ገንዘብ የሚሰበስብ፣ ጠበቃ የሚያቆም ጉባኤ የተመራቂዎች ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህ የአንድ ማኅበር ዕድል ብቻ አይደለም። በ1911 በሃዋርድ የተመሠረተው ኦሜጋ ሳይ ፋይ ታሪክ ጸሐፊውን ካርተር ውድሰንን በአባልነት ይዞ ነበር። በእሳቸው ጉትጎታ ማኅበሩ በ1924 የጥቁሮችን ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የሚያስተዋውቅ ሳምንት ማክበር ጀመረ፤ ውድሰን በ1926 የጥቁሮች ታሪክ ሳምንትን ይፋ አደረጉ። ዛሬ አሜሪካ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ የምታከብረው የጥቁሮች ታሪክ ወር ከዚያ የበቀለ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ሲመጣባቸው ወስደው የሚያሳዩት የዶክተር ኪንግ ሐውልትም የእነዚህ ተመራቂዎች ሥራ ነው። ሐሳቡን በ1984 ያመነጩት የአልፋ ፋይ አልፋ አባላት ናቸው። ኮንግረስ የፈቀደው በ1996፣ የተመረቀው ጥቅምት 16 ቀን 2011 ነው። 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል። 27 ዓመት ሙሉ አንድ ሐሳብ ሳይጥሉ መያዝ፣ ደጋፊ መለመን፣ ከመንግሥት ኮሚሽኖች ጋር ስለ ቦታና ስለ ንድፍ መከራከር፤ ስለ ወንድምነት ዘላቂነት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ትልቁ ተቃውሞ የመጣው ከውስጥ ነው። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ፍራንክሊን ፍሬዚየር በ1957 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት ስለ ጥቁሩ መካከለኛ መደብ በሚተርከው መጽሐፋቸው፣ እነዚህን ማኅበራት በጌጥና በታይታ፣ በግብዣና በድግስ የተጠመዱ ሲሉ ነቅፈዋል። ምሁሩን ከሕዝቡ ለይተው ራሱን በምናብ ዓለም እንዲያኖር አድርገዋል የሚል ክስ ነው። ክሱ መሠረት አለው። ዲግሪን የመግቢያ በር ያደረገ ማኅበር፣ አብዛኛው ጥቁር ሕዝብ ኮሌጅ ሊደርስ በማይችልበት ዘመን፣ ጥቂቶችን መምረጡ አይካድም። ድግሱም ነበረ። ነገር ግን ማኅበሩ ማንን አቀፈ የሚለው ጥያቄ፣ ሥራው ማንን ጠቀመ የሚለውን አይዘጋም። የባቡሩ መመገቢያ ለዲግሪ ያዥ ብቻ አልተከፈተም። አልፋ ፋይ አልፋ ከ1920ዎቹ መባቻ ጀምሮ ያካሄደው፣ ወጣቶች ሁለተኛ ደረጃ ይጨርሱ ኮሌጅም ይግቡ የሚለው ዘመቻ ያተኮረው ከማኅበሩ ውጭ ባሉት ልጆች ላይ ነው። መሥራቹ ዩጂን ኪንክል ጆንስ ከሃያ ዓመት በላይ የመሩት ብሔራዊ የከተማ ሊግ ከደቡብ ወደ ሰሜን ለሚፈልሰው ሠራተኛ ሥራና መጠለያ የሚፈልግ ድርጅት ነበር። ፍሬዚየር ያዩት ድግስ እውነት ነው፤ ከድግሱ ጎን የነበረውን ፍርድ ቤት ግን በሚገባ አልመዘኑትም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፤ በአዲስ ገቢዎች ላይ የሚፈጸመው ድብደባና ማንገላታት። በ1989 አትላንታ በሚገኘው ሞርሃውስ ኮሌጅ አልፋ ፋይ አልፋን ሊቀላቀል የነበረ አንድ ወጣት ተማሪ ሕይወቱ አለፈ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1990፣ የጥቁሮቹ ማኅበራት ለአሥርት ዓመታት የቆየውን የመፈተኛ ዘመን በይፋ ሰርዘው በአዲስ የአቀባበል ሥርዓት ተኩት። ድርጊቱ ግን በድብቅ ቀጠለ። ልማዱን የሚከላከሉ ሰዎች፣ አብሮ መከራ መቀበል ወንድማማቾችን ያስተሳስራል ይላሉ። ከላይ የቀረበው ታሪክ ይህን ያፈርሰዋል። ሉዊቪል ላይ የተሰበሰቡትን ያስተሳሰረ፣ ላውሰንን ስምንት ዓመት ያቆመ፣ ሐውልቱን 27 ዓመት ያስጠበቀ ዱላ አልነበረም። ደግሞም ተማሪው ድብደባን ከራሱ አያመነጨውም፤ በፊቱ ካለፉት ይማረዋል፣ ከእነሱም ውስጥ ተመርቀው የወጡ አሉ። ማኅበሩን እንደ ሕይወቱ የሚወድ ተመራቂ ሁሉ በከተማው ቅርንጫፍ ስብሰባ ተነስቶ ይህን ይናገር፣ የሚያውቀውን አይደብቅ፣ የሚደበድበውን ወንድም ብሎ አይከልል።