ስቲግማ፣ መገለልና ነውር

በቀደም ቡና ላይ አንዲት እናት፣ የአእምሮ ሕመም ስላለበት ልጃቸው ሲያወሩ «ያገለለውስ የለም፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የማስገባው እኔው ነኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ «ስቲግማ»ን «መገለል» ማለታችን አልዋጥልህ ብሎኛል። መገለል ደጅ የሚታይ ነገር ነው፤ ያ ጓዳ ግን ስም አጥቷል። ስቲግማ በጥንት ግሪኮች ዘንድ በባሪያና በወንጀለኛ ገላ ላይ የሚደረግ ምልክት ነበር፤ ኋላ የሚያሳፍር ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆነ። የእኛም «ነውር» በዚያው መንገድ ሄዷል። «ነውር የሌለበት በግ» ሲባል የገላ እንከን ነው፤ ዛሬ ግን ነውር ስንል ሐፍረት ማለታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የቡታጅራ ጥናት 178 የአእምሮ ሕሙማን ዘመዶችን ጠይቆ፣ 75 በመቶው ስቲግማ እንደሚሰማቸው፣ 37 በመቶው ደግሞ ሕመሙን መደበቅ እንደሚሹ አግኝቷል። ጓዳ የተደበቀ ሰው ጎረቤት ገና አላገለለውም፤ ግን ተነውሯል። ስለዚህ ስቲግማን «ማነወር»፣ ዲስክሪሚኔሽንን «ማግለል» ብንላቸው እላለሁ። «ማነወር» አድራጊውን አይሸሽግም፤ ሕመሙ ነውር ሆኖ አልመጣም፣ ያነወረው ሰው አለ።