ጊቭ (የእንግሊዝኛ ግስ)
«ጊቭ» በእንግሊዝኛ መስጠትን የሚገልጽ ዋነኛ ግስ ነው። ሲረባ ከደንቡ ያፈነግጣል፤ ያለፈ ጊዜው «ጌቭ»፣ ቦዝ አንቀጹ «ጊቨን» ይሆናል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ በ«ይ» ድምፅ ይጀምር ነበር፤ የዛሬውን «ግ» ያገኘው በስካንዲኔቪያ ሰፋሪዎች ቋንቋ ተጽዕኖ ነው።

ተቀባዩ ሁለት ቦታ አለው። «ጊቭ ሚ ዘ ቡክ» ሲባል ከዕቃው ይቀድማል፤ «ጊቭ ዘ ቡክ ቱ ሚ» ሲባል ደግሞ «ቱ»ን አስቀድሞ ከኋላ ይመጣል። በፈጣን ንግግር «ጊቭ ሚ» አጥሮ «ጊሚ» ይባላል።

የሚሰጠው ሁልጊዜ ዕቃ አይደለም። «ጊቭ ሚ ኤ ኮል» ደውልልኝ፣ «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» አግዘኝ፣ «ጊቭ ኢት ኤ ትራይ» ሞክረው ማለት ነው።

አንዲት አጭር ቃል ስትከተለው ፍቺው ይለወጣል፦ «ጊቭ አፕ» ተስፋ መቁረጥ ወይም ሲጋራን የመሰለ ልማድ መተው፣ «ጊቭ ኢን» መሸነፍ፣ «ጊቭ አዌይ» በነጻ ማደል ወይም ምስጢር ማውጣት ነው። ከቁጥር ጋር የሚነገረው «ጊቭ ኦር ቴክ» ደግሞ አኃዙ ግምት መሆኑን ያመለክታል።